ያልገቡም ያልቀሩም

ጠያቂዋ የሶልያናን ስም መጥራት ያቆመችው ከስንት ቀን በፊት እንደሆነ አላውቅም። ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

ጠያቂ በየቤቱ ግድግዳ ላይ አለ። ፀሐይ ስትጠልቅ የቤተሰቡን ስም እየጠራ ማን የት እንዳለ ይናገራል። የእኛዋ የሴት ድምፅ ናት፤ የማትቸኩል፣ ጉንፋን ይዟት የማያውቅ። ልጄ ሶልያና ከመተሐራ ወዲያ ወዳለው የፀሐይ እርሻ መስታወት ልትጠርግ ከሄደች ጀምሮ የምትለው አንድ ነበር። «ደመላሽ ገብቷል። አስካለ ገብታለች። ሶልያና እርሻ ላይ ናት። ደህና እደሩ።» ደመላሽ ባሌ ነው፤ አስካለ እኔ ነኝ። የምንኖረው አዳማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው።

የሶልያና ውል ሲያልቅ ጠያቂዋ መናገሯን ትታ መጠየቅ ጀመረች። «ሶልያና ገብታለች?» አለችኝ አንድ ማታ። አልገባችም ነበር። ግን መንገድ ላይ ስላለ ልጁ፣ ያውም ሲመሽ፣ አፉን ሞልቶ «አልገባችም» የሚል ወላጅ የት አለ? ያደግኩት ከአፍ ከወጣ አፋፍ እየተባልኩ ነው። አባቴ ሲያመሽ ጎረቤት ብቅ ብሎ «ገባ?» ካላት እናቴ «እግዜር ያግባው» ነበር መልሷ፤ ሌላ ቃል አይወጣትም። እኔም «እግዜር ያግባት» አልኩ። በማግስቱም ጠየቀችኝ፤ ያንኑ አልኩ። ጥቂት ማታ እንዲህ ከተባባልን በኋላ መጠየቋን ተወች።

ስም ስትጠራም ከእኔ ስም በኋላ አንዲት ትንፋሽ ያህል ዝም ትልና «ደህና እደሩ» ትላለች። ያቺን ዝምታ ወደድኳት። ይሉኝታ ተማረች አልኩ በሆዴ። ስንት ዓመት ከእኛ ጋር ኖራ በመጨረሻ የማይነገር ነገር እንዳለ ገባት አልኩ። እኔ ክፉ ክፉውን ሳስብ የምውል ሰው ነኝ። ቧንቧ ሲንጣጣ ሕንፃው ሊፈርስ ነው እላለሁ፤ ባሌ ሲያስነጥስ ሳንባው ይታየኛል። የፈራሁት ሁሉ ሳይደርስ ቀርቶ፣ ደህና ነው ብዬ ያለፍኳት አንዲት ነገር ይህች ሆነች።

ሰኞ ማታ ስም ከጠራች በኋላ «ማስታወቂያ» አለች። «ነፋሱ ተነስቷል። የመተሐራ መንገድ ነገ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። የሚከፈተው አቧራው ሲያልፍ ነው። ያልገቡትን የሚያመጣው የመጨረሻው አውቶቡስ ነገ እኩለ ቀን ላይ ይነሳል። ከዚህ ቤት ያልገባ ሰው የለም። ደህና እደሩ።»

ደመላሽ ጫማውን እያወለቀ ነበር። አንድ እግሩን በእጁ እንደያዘ ቀና አለ።

«ምን አለች?»

«ያልገባ ሰው የለም አለች።»

«ሶልያናስ?»

«ሶልያናንማ መጥራት ከተወች ሰነበተች እኮ።»

«ሰነበተች? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እኔ ለደግ መስሎኝ ነዋ።»

ጫማውን ወርውሮ ግድግዳው ጋ ሄደ። ደመላሽ ትዕግሥተኛ ነው፤ በዕቃ ላይ ግን አይታገሥም። «ስሚ አንቺ! ልጄ እዚያ በረሃ ላይ ናት! አልመጣችም! ጻፊ!»

«በአሁኑ ሰዓት የቀረበ ጥያቄ የለም» አለች። «መልስ የሚያዘው ጥያቄ ሲኖር ነው።»

«ጠይቂኛ!»

«ደህና እደሩ።»

አቧራው ሲመጣ እንዴት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው ያውቀዋል። መስኮት በእርጥብ ጨርቅ ይታሸጋል፤ ገበያ የሚወጣው በየተራ ነው፤ የተሰጣ ልብስ አቧራው እንዳቀላው ይለበሳል። እስከ ዝናቡ ይቆያል። ከከተማ ውጭ ያለ ሰው ያኔ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ልደውል ብል የሶልያና ስልክ የእርሻው ነው፤ ውሉ ሲያልቅ አብሮ ተዘግቷል። ያን ሌሊት ደመላሽ ተኛ፤ እኔ በሐሳቤ የልጄን ሐዘን ከድንኳኑ እስከ ሠልስቱ ጨረስኩ።

ጠዋት ውሃ ሲለቀቅ ባልዲው አጠገብ ቆሜ አየሁ። ውሃ የሚቀዳው ቤት ውስጥ ላለ ሰው ልክ ነው። ተሳስተው ገብታለች ብለው ጽፈው ከሆነ ለሦስት ሰው ይቀዳል ብዬ ነበር። ለሁለት ቀድቶ ቆመ። ስለዚህ ልጄ አልገባችም አልተባለች፣ ገብታለችም አልተባለች። ቧንቧውን በእጄ መታ መታ አደረግኩት። ምንም።

ነጠላዬን ጣል አድርጌ ስወጣ ከፊት ለፊታችን ያሉት እትዬ ብርቄም በር ላይ ናቸው። ልጃቸው ጌድዮን ከሶልያና ጋር አንድ ላይ ነው የሄደው። እትዬ ብርቄ በወጣትነታቸው፣ ታክሲ ገና በሰው ሲነዳ፣ ረዳት ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ሲያወሩ የሞተር ድምፅ መብለጥ ያለባቸው ይመስላቸዋል።

«እትዬ ብርቄ፣ የእርስዎ ጠያቂ ጌድዮንን ይጠራዋል?»

«ድሮም ልጄ ባፉ እንዲገባ አልፈልግም።»

«ይጠራዋል ወይ?»

 «አይጠራውም» አሉ ቀስ ብለው። «እኔም እኮ ጨዋ ሆነ ብዬ ነበር።»

ወረዳው ድረስ ጥላ ጥላውን ሄድን። መንገዱ ላይ የተዘረጋው ሸራ አንዳንዱ ጋ ተቀዶ ፀሐይ ይረጫል፤ ሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ሮጦ ያልፋል። እትዬ ብርቄ አይሮጡም። እኔም እሳቸውን ትቼ መሮጥ ነውር ስለሆነብኝ አብሬ ተቃጠልኩ።

የወረዳው መስኮት ጋ ስንደርስ ሰልፍ አለ። አብዛኛው እናት ነው። ማንም ለምን እንደመጣ አያወራም፤ ስለ ነፋሱ፣ ስለ ጨርቅ መወደድ ያወራሉ። እኔም ስለ ጨርቅ አወራሁ። ተራዬ ሲደርስ መስታወቱ ኋላ ያለው ልጅ ቀና ብሎ አየኝ። ደረቱ ላይ ኪሩቤል ይላል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሳይተኛ ያደረ ሰው ዓይን ነው።

«የልጅዎ ስም?»

«ሶልያና ደመላሽ።»

ፊቱ ያለውን ሰሌዳ እያየ ቆየ። «የእርሻው ካምፕ ሸኝቷታል። ውሏ አልቋል፣ ወጥታለች ይላል።»

«ወዴት ወጣች?»

«ወደ ቤት።»

«ቤት የለችም እኮ ልጄ።»

«አዎ፣ ቤት ደግሞ ተቀብያለሁ አላለም። አልመጣችም ብሎም አልመለሰም። እዚህ ጋ ባዶ ነው።» ሰሌዳውን አዞረልኝ። ከልጄ ስም ጎን ሌሎቹ ላይ ጽሑፍ ያለበት ቦታ ነጭ ነው። እንደ ወለቀ ጥርስ።

«ታዲያ አውቶቡሱ ለምን አይሄድላትም?»

«አውቶቡሱን የሚልከው አንድ ጥያቄ ነው እትዬ። ያልገቡትን አምጣ ይላል። አልገባም የሚል የተጻፈበትን ሰው ሁሉ ለቅሞ ያመጣል። ልጅዎ ጋ ሲደርስ የተጻፈ የለም። ባዶ ማለት አልገባችም ማለት አይደለም፤ አይታወቅም ማለት ነው። ስለዚህ ያልፋታል።»

«ውሃውስ?»

«ውሃው የገቡትን ነው የሚጠይቀው። እዚያም ጋ ያልፋታል።»

እስከ አሥራ ሁለተኛ ተምሬያለሁ። ያን ያህል የሚከብድ ነገር አልመሰለኝም። «የገቡትንና ያልገቡትን ብትደምራቸው ሰዉ ሁሉ አይመጣም?»

«አይመጣም» አለ ኪሩቤል። «ሁሌም ይጎድላል።»

እትዬ ብርቄ ከኋላዬ አላስቻላቸውም። «ምን ማለት ነው? ሰው ወይ ገብቷል ወይ አልገባም! በር ላይ የሚንጠለጠል አለ?»

«ለእርስዎ ሁለት ነው እማማ። ለመዝገቡ ግን ሦስት ነው።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። ማታ መንገዱ ሲዘጋ ባዶ የሆነው ሁሉ ይሞላል አለን። በምን ብዬ ጠየቅኩት። «ገብቷል በሚለው» አለ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ እሱ ግን ነገረኝ። «ደንቡ ነው። መልስ የማይሰጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ ገብቶ የተኛ ነው። ያንን አይተው ነው ያወጡት። በሌላው ወቅት ልክ ነው።»

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ለልጄ ውሃ ይቀዳላታል፣ እዚህ፣ በእኔ ባልዲ። ስሟም ማታ ማታ ይጠራል። ባዶነቷ ስለሚያበቃ ማንም ለምን ብሎ አይጠይቅም።

«እዚያስ ውሃ ይሰጣቸዋል?» አልኩት።

«ካምፑ የሸኘውን ሰው አያጠጣም» አለ፤ ሲናገር አላየኝም። «አሁን ጥያቄውን እከፍትልዎታለሁ። አዎ ወይም አይ ብቻ ነው የሚይዘው። ጸሎት አይይዝም፤ እባክዎ።»

አንድ ነገር ነካ። የቤቴ ድምፅ፣ ያቺው የማትቸኩለዋ፣ ከመስኮቱ ወጣች። «ሶልያና ገብታለች?»

አፌን ከፈትኩ። «እግዜር...»

«መልስ አልተያዘም። ሶልያና ገብታለች?»

 በሐሳቤ ልጄን ስንቴ እንደቀበርኳት እኔ አውቃለሁ። ትምህርት ቤት የላክኋት ቀን፣ ኩፍኝ የያዛት ሳምንት፣ የካምፑ መኪና ላይ ስትወጣ። ሐሳብ ግን ሐሳብ ነው፤ እዚያው ውስጥ ይሞታል። ምላሴን አልሰጠሁትም ነበር። ክፉውን ሁሉ የማስበው እንዳይደርስ ነው፤ የማልናገረውም እንዳይደርስ ነው፤ ሁለቱን እንደ ሁለት እጅ ይዤ ነው ልጅ ያሳደግኩት። አሁን አንዱን ልቀቂ ተባልኩ።

«አልገባችም» አልኩ።

«ድምፅ አልተሰማም። እባክዎ ይድገሙ።»

«አልገባችም!» ብዬ ጮኽኩ። «ልጄ አልገባችም! ውጭ ናት!»

ከኋላ አንዷ «ጌታ አይቁጠርብሽ» ስትል ሰማሁ። ነጩ ቦታ ላይ ጽሑፍ መጣ። «ተያዘ» አለ ኪሩቤል። «አውቶቡሱ ላይ ወንበር አላት።» መስኮቱን ይዤ ቆምኩ። ደስታ አልነበረም። ያልኩት ነገር መንገድ ጀምሮ ወደ ልጄ እየሄደ መስሎኝ ነበር።

ለእትዬ ብርቄ ቦታ ለቀቅኩ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው መስኮቱ ፊት ቆሙና «እኔ አልልም» አሉ።

«እማማ፣ አንድ ቃል ነው።»

«አንድ ቃል መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብየዋለሁ። ባሌ አንድ ማታ ቀረብኝ፤ ፖሊስ መጥቶ ገብቷል ወይ ሲለኝ አልገባም አልኩት። ይኸው እንዳልገባ ነው። ልጁ ያኔ ክንዴ ላይ ነበር። ሁለተኛ ከዚህ አፍ አይወጣም።»

ሰልፉ ውስጥ የሳቀ የለም። እኔ «ልበልላቸው?» አልኩ፤ አንዴ ከወጣኝ ወዲያ ምን ቀረኝ። ኪሩቤል ራሱን ነቀነቀ። «የዚያ ቤት መላሽ እሳቸው ናቸው።»

«እትዬ ብርቄ፣ እባክዎ። አሁን አውቶቡሱ ሊሄድ ነው። እኔም አልኩ እኮ።»

«አንቺ ደፋር ነሽ።»

በሕይወቴ ደፋር ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሱም ስድብ ነበር።

«እኔም አልልም» አለች ከኋላችን ያለች ቀጭን ሴት። «እኔም» አለች ሌላዋ። የመጡት ልጆቻቸው እንዲመጡላቸው ነው፤ ግን አንዷ እምቢ ስትል ሁሉም መደገፊያ አገኙ። ኪሩቤል ፊቱን በሁለት እጁ አሻሸ። ያልተኛ ሰው ትዕግሥት ሲያልቅ ታየኝ።

«እሺ ምን ላድርግ?» አለ። «እናንተ ካልነገራችሁኝ ልጆቻችሁ ውጭ መሆናቸውን እኔ በምን ልወቅ?»

እትዬ ብርቄ የረዳትነት ድምፃቸውን አወጡት። «በምን ልወቅ? ይሄ ግድግዳ ላይ ያስቀመጣችሁብን ማታ ማታ በር ልቆልፍ ሲለኝ፣ አትቆልፍ እያልኩ አይደል የማድረው? ለማን መሰለህ? ለሌባ? ልጅ ውጭ እያለ በር ቆልፋ የምትተኛ እናት አይተሃል?»

ኪሩቤል እጁን ከፊቱ አነሳ። «በየቀኑ ነው እንደዚያ ያሉት?»

«በየቀኑ!»

«እርስዎስ?» አለኝ እኔን።

«እኔም። አስቤው አላውቅም እንጂ።» እውነቴን ነው። በሩን ገርበብ አድርጎ ማደር እንደ ማዛጋት ነው፤ ማንም አያስበውም። ሰልፉን ጠየቀ። ሁሉም በአዎንታ አንገቱን ነቀነቀ፤ ቀጭኗ ሴት በሩ እንዳይገጥም ሥሩ ጫማ እንደምታደርግ ተናገረች።

ኪሩቤል ጥቂት አሰበና መጻፍ ጀመረ። የሚጽፈውን ለራሱ ያነበንበዋል። «ገብቷል ሳይሆን... አልገባም ሳይሆን... ባዶ የሆነ። እና በር አትቆልፍ ያለ ቤት።» ነካው። ሰሌዳው ላይ ስም መውረድ ጀመረ። ወረደ፣ ወረደ፣ አልቆም አለ። የእኛ ሕንፃ፣ ማዶ ያለው ሕንፃ፣ የባቡር ጣቢያው ሰፈር። ኪሩቤል ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ይኼ ሁሉ ሰው?» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ያ ሁሉ እናት ማታ ማታ ለየብቻዋ «እግዜር ያግባው» ብላ በሯን ገርበብ አድርጋ ትተኛ ነበር።

መዝገቡ ላይ አልገባም ብሎ መጻፍ ግን አልቻለም፤ ያ የመላሿ ቃል ነው። ስሞቹን ለበላዮቹ ልኮ ሌላ አውቶቡስ ለመነ። ሲለምን ሰማሁት። «አዎ፣ በበር ነው የለየሁት... አይ፣ አልመለሱም... ደንቡን አውቃለሁ...  በኔ ስም ይሁን፣ እሺ፣ በኔ ስም።» የመጀመሪያው አውቶቡስ ሶልያናን ሊያመጣ ሲነሳ እሱ ገና ስልክ ላይ ነበር። ሁለተኛው የተፈቀደው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

«ይደርሳል?» አሉት እትዬ ብርቄ።

«መንገዱ ሳይዘጋ ከተመለሰ ይደርሳል።»

«ከተመለሰ» አሉ።

ሶልያና የገባችው አመሻሽ ላይ ነው። በሩ ክፍት ስለነበር አላንኳኳችም። ቀጥታ መጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ተሰንጥቋል፤ የጆሮዋ ቀዳዳ ሳይቀር አቧራ ሞልቶታል። ደመላሽ ቆሞ ቀረ። እኔ አንገቷን፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን ዳበስኩ። ሁሉም አለ።

«እማዬ፣ አታልቅሺ» አለች። «ውሃ ነው የምታባክኚው።»

ካስጠጣኋት በኋላ እንዴት እንደቆዩ ጠየቅኳት። ባልጠይቅ ይሻል ነበር። ካምፑ ለተሸኘ ሰው አይቀዳም፤ ለመስታወቶቹ ግን ጠዋት ጠዋት ማጠቢያ ውሃ ይረጫል። ጎህ ሳይቀድ ተነስተው መስታወቱን በጨርቅ ይጠርጋሉ፤ ጨርቁን ጨምቀው ይጠጣሉ። «ጌድዮን ነው ያስጀመረን» አለች። «ሥራችን ያው ነው፣ ደመወዙ ነው የተቀየረው እያለ ያስቀን ነበር።»

«እሱስ?»

ጽዋውን አስቀመጠች። «አውቶቡሱ ስም እየጠራ ነው ያስገባው። እሱን አልጠራውም። ቦርሳዬን በመስኮት አቀበለኝ። ሌላ ይመጣል አልኩት። ማን ነገረሽ አለኝ።»

ነፋሱ ሲነሳ የመስኮቱን ጨርቅ አርጥቤ ለጠፍኩ። ፀሐይ ጠለቀች። ጠያቂያችን ተናገረች፤ አልሰማኋትም፤ ጆሮዬ ማዶ ነበር። የእትዬ ብርቄ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቸው የእንጨት ዱካቸውን በሩ መሐል አድርገው ተቀምጠውበታል። የእሳቸው ጠያቂ ወንድ ድምፅ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል።

«ብርቄ ገብታለች። ጌድዮን ገብቷል።»

እትዬ ብርቄ ወደ ውስጥ ዞረው አዩ። እያወቁም አዩ። ባዶ አልጋው ከበሩ ይታያል። «አንተ ውሸታም» አሉ፤ ድምፃቸው አልወጣም።

«ሁሉም ገብቷል። በር ልቆልፍ?»

«አትቆልፍ!»

«ሁሉም ገብቷል። በር ይቆለፋል።» በሩ ተንቀሳቀሰ፤ መጥቶ ዱካውን ገጨና ቆመ። ተመልሶ ገጨ። እትዬ ብርቄ አልተነሱም። በሩ ጉልበታቸውን እየነካካ ይመለሳል፣ እየነካካ ይመለሳል።

ወጥቼ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ግቢ አንቺ» አሉኝ። «ልጅሽ ገብታለች። በርሽን ቆልፊና ተኚ።»

«ውስጥ ይሞቃል።»

«መዋሸት አታውቂም።»

«እየተማርኩ ነው።»

በዱካው በኩል እኔም በሩን በትከሻዬ ደገፍኩት። ቀላል አይደለም፤ ይገፋል።  ክፉ ክፉው መጣልኝ፤ መንገዱ ሲዘጋ፣ አውቶቡሱ ሲመለስ፣ ልጁ ጨርቁን ሲጨምቅ። አንድም ቃል አላወጣሁም። አንዳንዴ የማውቀው ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ከታች መኪና የቆመ መሰለኝ፤ ነፋስም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ደረጃው ላይ እግር ተሰማ። ብዙ እግር ነው፤ የደከመ፣ የሚጎተት። እትዬ ብርቄ እጄን ያዙኝ። እግሮቹ አንደኛ ፎቅ ደረሱ፤ ጥቂቶቹ እዚያው ቀሩ፤ ሴት ጮኸች፣ በር ተዘጋ። የቀሩት ወጡ። ሁለተኛ ፎቅ ላይም ቀነሱ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሙ። የሰው ድምፅ፣ ለቅሶም ሳቅም የሆነ ነገር፣ ከዚያ በር። ከዚያ ዝም። አለቀ አልኩ። እኛ ጋ የሚመጣ የለም አልኩ። 

አንድ እግር ቀረ። አረፍ አለ፤ ሳል ተሰማ፤ እንደገና መውጣት ጀመረ።

ጌድዮን ጥጉ ላይ ብቅ ሲል ሰው ሳይሆን አቧራ የቆመ ይመስል ነበር። ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። እናቱን አየ፤ እኔን አየ፤ ጉልበታቸውን የሚገጨውን በር አየ።

«ምነው በር ላይ ተቀመጣችሁ?» አለ፤ ጉሮሮው ተዘግቷል።

እትዬ ብርቄ ሊነሱ ሞከሩ፣ አቃታቸው፣ በእኔ ትከሻ ተነሱ። አላቀፉትም። ከራሱ እስከ እግሩ አዩትና «አራግፍ!» ብለው ጮኹ፤ ሦስተኛ ፎቅ ሳይሰማ አይቀርም። «እግርህን አራግፍ! ቤቱን ሁሉ አቧራ ልታለብስልኝ ነው? ምን ዓይነት ልጅ ነው ይሄ! እዚያው አራግፈህ ግባ!»

አራገፈ። ኮሪደሩ በአቧራ ተሞላ፤ ሦስታችንም ሳልን። በአጠገባችን አልፎ ሲገባ እትዬ ብርቄ ጀርባውን በመዳፋቸው መቱት፣ አንዴ፣ አቧራ እንደሚያራግፍ ሰው፤ መዳፋቸው ግን ከጀርባው ቶሎ አልተነሳም። ከዚያ ዱካቸውን አንስተው ተከትለውት ገቡ። ትከሻዬን ከበሩ ላይ አነሳሁ፤ ቀስ ብሎ ሄዶ ገጠመ።

«ሁሉም ገብቷል» አለ ጠያቂው ከውስጥ። «በር ልቆልፍ?»

 ውሃ ሲቀዳ ሰማሁ። ጽዋ ሲቀመጥ ሰማሁ። ከዚያ እትዬ ብርቄ «ቆልፍ» አሉት፤ መቀርቀሪያውም ወደቀ።